ከሂንዱ ቅዱሳን ዛፎች የትኛው ለየትኛው ቦታ?

ህንድ ፑኔ ከተማ ተማሪ ሆኜ የተከራየሁት ቤት ደጃፍ ላይ አንድ ትልቅ ዛፍ ነበር። እኛ የድሬዳዋ ዛፍ የምንለው፣ ቀይ አበባ የሚያብበው። ህንዶቹ ጉልሞሃር ይሉታል። ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት ዝናብና ነፋስ ሲደበድበው አደረ። ጠዋት ስንነሳ ከነሥሩ ተነቅሎ፣ መንገዱን ዘግቶ ተጋድሟል። ደግነቱ ሰው አልነካም።

የቤቱ ባለቤት ሰባዎቹን የተሻገሩ እናት ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ «አጂ» ነው የሚላቸው፤ በማራቲ አያት ማለት ነው። ሻያቸውን ይዘው በረንዳው ላይ ቆሙ። ባዶውን ጉድጓድ ለረጅም ጊዜ አዩት። «እንግዲህ ልጄ፣ ምን ይተከል?» አሉኝ። እኔ ምን አውቃለሁ! ዛፍ ያው ዛፍ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ጎረቤት ግን ተሰበሰበ። አንዱ ፒፐል አለ። አንዷ ኒም አለች። የአጂ ወንድም ደግሞ ከባንያን ወዲያ ዛፍ የለም ብለው ቁጭ አሉ። ክርክሩ ሁለት ሳምንት ወሰደ። ስለ ሂንዱ ዛፎች ከማውቀው አብዛኛውን የተማርኩት እዚያ በረንዳ ላይ ነው።

ህንድ ውስጥ የምትማሩ ወይም የምትሠሩ ከሆነ እናንተም አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ይመጣባችኋል። ኮሌጁ ችግኝ ትከሉ ይላል። ጎረቤት ለበዓል ይጠራችኋል። አገር ቤት ሆናችሁ «እነዚህ ሰዎች ለምንድን ነው ዛፍ የሚዞሩት?» ለምትሉም ይጠቅማል ብዬ ነው የጻፍኩት።

በሂንዱ እምነት ዛፍ መትከል ትልቅ ጽድቅ ነው። ማትስያ ፑራና የሚባለው ጥንታዊ መጽሐፋቸው ሒሳቡን እንዲህ ያወርደዋል፤ አሥር ጉድጓድ አንድ ኩሬ ያህላል፣ አሥር ኩሬ አንድ ሐይቅ፣ አሥር ሐይቅ አንድ ልጅ፣ አሥር ልጅ አንድ ዛፍ። በልጅ ብዛት ሀብት በሚቆጠርበት አገር ይህ ቀላል ንግግር አይደለም።

ታዲያ የትኛው ይተከል? ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የየትኛው አምላክ ዛፍ ነው?» ብሎ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ «የት ነው የሚቆመው?» በሉ እላለሁ። የሚገርመው፣ ወጉ ራሱ ይህን ያውቃል። ባንያንን ለመንደር አደባባይ ሰጥቶታል። ፒፐልን ለመቅደስ ቅጥር፣ ቱልሲን ለግቢ፣ ኬጅሪን ለእርሻ። ቅድስናውን ይዞ ቦታውን የረሳ ሰው ነው በኋላ የሚቸገረው።

ፒፐልና ባንያን፦ ሰፊ ሜዳ ላለው

ሁለቱም የዋርካና የሾላ የቅርብ ዘመዶች ናቸው። ዋርካ ሥር ዕርቅ ሲወርድ፣ ዕድር ሲሰበሰብ፣ «አድባር ናት» ተብላ ስትከበር ያየ ሰው እነዚህን ሁለቱን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም።

ፒፐል ቅጠሉ የልብ ቅርጽ አለው። ጫፉ እንደ ጅራት ረዝሞ ይሾላል። ትንሽ ሽውታ ስትነካው ቅጠሉ በሙሉ ይንሿሿል። ሥሩ የተቀመጠ ሰው ዝናብ የጀመረ ይመስለዋል። በሳንስክሪት አሽቫታ ይባላል። ብሃጋቫድ ጊታ በሚባለው ቅዱስ መጽሐፋቸው አምላኩ ክሪሽና «ከዛፎች መካከል እኔ አሽቫታ ነኝ» ይላል። ቡድሃም ቦድ ጋያ ላይ ብርሃን የበራለት በዚሁ ዛፍ ሥር ነው ስለሚባል ቡድሂስቶችም ያከብሩታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰዎች ሥሩ የዘይት መብራት ያበራሉ፣ ውሃ ያፈሱለታል፣ እየዞሩ ይጸልያሉ።

ስለ ፒፐል በየቦታው የሚነገር አንድ ነገር ግን ልክ አይደለም። «ሌሊትም ኦክስጅን ይሰጣል፣ ለዚህ ነው ቅዱስ የሆነው» ይላሉ። ዛፍ ኦክስጅን የሚያወጣው ብርሃን ሲያገኝ ነው። ፒፐልም ከዚህ አይወጣም። ይህን ስል የሚከፋው ሰው አለ። ነገር ግን እውነተኛው ሥራው ከዚህ አያንስም። የሾላ ወገን በሙሉ አበባው ፍሬው ውስጥ ተደብቆ ነው የሚያብበው። እዚያ የምትገባው አንዲት ሚጢጢ ተርብ መሰል ነፍሳት ናት። እያንዳንዱ የሾላ ዓይነት የራሱ ነፍሳት አለው፤ ያለ እሷ ዘር የለውም፣ እሷም ያለ እሱ መራቢያ የላትም። ዛፎቹ ደግሞ በተለያየ ጊዜ ነው የሚያፈሩት። ሌላው ዛፍ ባዶ በሆነበት ወር ወፉና የሌሊት ወፉ እዚህ ይመጣል። አንድ ፒፐል ፍሬው ሲደርስ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሥሩ ቁሙ። የወፉ ጫጫታ ሰው አያነጋግርም።

ችግሩ ከዚያው ከወፉ ይመጣል። ወፍ ፍሬውን በልታ ዘሩን ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ትጥላለች። ፒፐል አፈር እንኳ አይፈልግም፤ ሲሚንቶ ላይ ይበቅላል። ሥሩ ቀስ እያለ ግድግዳ ይሰነጥቃል፣ ቧንቧ ይፈነቅላል። ቅዱስ ስለሆነ ደግሞ ማንም ደፍሮ አይነቅለውም።

አጂ ቤት ጀርባ ግድግዳው ላይ፣ ከውሃው ቧንቧ አጠገብ፣ አንዲት ስንዝር የማትሞላ ፒፐል በቅላ ነበር። ግንበኛው መጣ። አያትና እጁን ሰበሰበ። «እኔ አልነካትም» አለ። አጂ ውሃ አመጡ። ቀይ ዱቄታቸውን በጣታቸው ነክረው ግንዷን ቀቡ። ጎንበስ ብለው ሹክ አሏት። በኋላ ምን እንዳሏት ጠየቅኳቸው። «ቦታሽ እዚህ አይደለም፣ ይቅር በይን፣ ወደ ቦታሽ ልንወስድሽ ነው አልኳት» አሉኝ። ከዚያ ግንበኛው ሲሚንቶውን በመዶሻ ቀስ እያለ ፈለፈለ። ሥሯን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለን ከከተማው ጀርባ ያለው ኮረብታ ላይ ተከልናት። ፑኔ ውስጥ ጠዋት በእግራቸው ኮረብታ የሚወጡ ሰዎች በፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ይዘው ችግኝ ያጠጣሉ። እሷንም አደራ አልናቸው።

ባንያን ሌላ ነገር ነው። ፒፐል ወደ ላይ ያድጋል፤ ባንያን ወደ ጎን። ከቅርንጫፉ ሥር ያወርዳል። ሥሩ መሬት ሲነካ ግንድ ይሆናል። ግንዱ ቅርንጫፉን ይሸከማል፣ ቅርንጫፉ እንደገና ይሄዳል። ኮልካታ አጠገብ ሃውራ በሚገኘው የዕፅዋት ማዕከል ውስጥ ያለው ባንያን ከ250 ዓመት በላይ ሆኖታል። ዋናው ግንዱ ታሞ በ1925 እ.ኤ.አ. ተቆርጦ ወጥቷል። ዛፉ ግን አለ። ከ3,000 በላይ በሆኑ ሥሮቹ ላይ ቆሞ ወደ ሁለት ሄክታር የሚጠጋ መሬት ሸፍኗል። ግቡና እዩት፣ ጫካ እንጂ አንድ ዛፍ አይመስልም። የህንድ ብሔራዊ ዛፍም ይኸው ባንያን ነው።

ፑኔ ያለችበት ማሃራሽትራ ግዛት ውስጥ ቫት ፑርኒማ የሚባል በዓል አለ። ግንቦት መጨረሻ ወይም ሰኔ ላይ ጨረቃ ስትሞላ ነው። ያገቡ ሴቶች ሳሪያቸውን ለብሰው ነጭ ክር ይዘው ባንያኑን ሰባት ጊዜ ይዞሩታል። ሳቪትሪ የምትባል ሴት ባሏ ሲሞት የሞትን አምላክ ተከትላ ሄዳ፣ በብልህ አንደበቷ ነፍሱን አስመለሰች ይባላል። ባሏ ተኝቶ የነበረው ባንያን ሥር ነው። ክሩ የዚያ መታሰቢያ ነው። አሁን ግን ከተማ ውስጥ ባንያን እየጠፋ ስለሆነ ገበያ ላይ የባንያን ቅርንጫፍ ተቆርጦ ይሸጣል። ሰው ገዝቶ ቤቱ ያመልክበታል። ዕድሜ የሚለመንበትን ዛፍ ቆርጦ ዕድሜ መለመን ልቤን ያሳዝነኛል። አጂም በዚህ ጉዳይ አይስማሙም ነበር። እግራቸው እያመማቸውም ቢሆን ሁለት ሰፈር ተሻግረው የቆመውን ዛፍ ይዞራሉ።

ከሁለቱ የቱ ይሻላል? ትምህርት ቤት፣ መቅደስ ወይም መንደር ሜዳ ካለ፣ ጥላ ከተፈለገ ባንያን። ቦታው ጠበብ ብሎ ወደ ላይ ክፍት ከሆነ ፒፐል። እኔ ብሆን ሁለቱንም ከግድግዳና ከቧንቧ ከአሥራ አምስት ሜትር ወዲህ አላመጣቸውም። የአጂ ደጃፍ ሦስት ሜትር ነበር። ወንድማቸው አኮረፉ፣ ነገሩ ግን እዚያው አለቀ።

ኒም፦ መንገድ ዳርና ሞቃት ሰፈር

ኒምን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። እንደ ድሬዳዋ ባሉ ቆላማ ከተሞቻችን አለ። ሙቀትና ድርቅ ይችላል፤ የማይችለው ውሃ የተኛበት መሬት ነው። ህንድ ውስጥ የእናት አምላክ ዛፍ ነው። ሺታላ የምትባለው፣ ፈንጣጣና ትኩሳትን ትፈውሳለች የሚሏት፣ ኒም ውስጥ ታድራለች ይላሉ። የማራቲ ዘመን መለወጫ ላይ፣ መጋቢት ወይም ሚያዝያ ገደማ፣ መራራ የኒም ቅጠል ካልተጣራ የሸንኮራ ስኳር ጋር ይበላል። ዓመቱ መራራም ጣፋጭም እንደሚያመጣ ለመቀበል ነው። ቀንበጡ ደግሞ መፋቂያ ነው፣ እንደ እኛው።

ይህ የየቤቱ እውቀት አንድ ጊዜ የአውሮፓ የፈጠራ ባለቤትነት ጽሕፈት ቤት ድረስ ሄዷል። አንድ የአሜሪካ ኩባንያና የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ከኒም ዘይት የሚሠራ የሻጋታ መከላከያ ላይ በአውሮፓ የፈጠራ ባለቤትነት ተሰጥቷቸው ነበር። ህንዶችና አጋሮቻቸው ተከራከሩ። ይህንን ገበሬው ሲጠቀምበት ኖሯል አሉ። በ2000 እ.ኤ.አ. ባለቤትነቱ ተሰረዘ፣ በ2005 ይግባኙም ወደቀ።

መንገድ ዳር ላለው፣ ጥላ በቶሎ ለሚፈልግ፣ ውሃ ለማያገኝ ሰው ከሁሉም ኒምን እመርጣለሁ። የአጂ ደጃፍ ግን ዝናብ ሲጥል ውሃ ይተኛበታል። ጉልሞሃሩም የወደቀው በዚያ ምክንያት ይመስለኛል።

ኬጅሪ፦ ደረቅ አገር

በረሃማው የህንድ ግዛት ራጃስታን ለሚኖር ሰው ክርክር የለም። ኬጅሪ ነው። የጥራጥሬ ወገን ነው፤ ሥሩ ጠልቆ ይሄዳል፣ መሬቱን ያዳብራል። ገበሬው ሥሩ ማሽላ መሰል እህሉን ይዘራል እንጂ አይቆርጠውም። ቅጠሉ ለግመልና ለፍየል ነው። ለጋ ቆባው ሳንግሪ ይባላል፣ ደርቆ ወጥ ይሠራበታል። ማሃባራታ በሚባለው ጥንታዊ ታሪካቸው ውስጥ ፓንዳቫዎቹ ወንድማማቾች ሲሰደዱ የጦር መሣሪያቸውን የደበቁት ሻሚ የሚባል ዛፍ ላይ ነው። ብዙዎች ያ ዛፍ ኬጅሪ ነው ይላሉ። በዳሳራ በዓልም ይመለካል።

ቢሽኖይ የሚባሉት ሰዎች ግን ከሁሉም በላይ ሄደዋል። 29 ሕግ አላቸው፤ ለምለም ዛፍ አለመቁረጥ አንዱ ነው። በ1730 እ.ኤ.አ. የጆድፑር ገዢ አባይ ሲንግ ቤተ መንግሥት ሊያሠራ ኖራ ማቃጠያ እንጨት ፈለገ። ሰዎቹ መጥረቢያ ይዘው ኬጅራሊ የምትባል መንደር ደረሱ። አምሪታ ዴቪ የምትባል እናት ዛፏን አቀፈች። «አንገት ተቆርጦ ዛፍ ከዳነ ርካሽ ነው» አለች ይባላል። ቆረጧት። ሦስት ሴት ልጆቿ ተከተሏት። ከዚያ መንደሩ፣ ከዚያ የጎረቤት መንደር። 363 ሰው አለቀ። ገዢው ሲሰማ አስቆመው፣ በቢሽኖይ መንደር ዛፍ እንዳይቆረጥ፣ አውሬ እንዳይታደን አዘዘ። በ1970ዎቹ ሂማላያ ውስጥ ዛፍ አቅፈው ደን ያስጣሉት የቺፕኮ ሴቶች ሲነሱ የዚህች እናት ስም አብሮ ይነሳል። እኔ ይህን ታሪክ ስሰማ የመጣብኝ ጥያቄ አንድ ነበር። የማን ዛፍ ነው እንዲህ የሚሞትለት? ራጃስታን ሄጄ ሳይ ገባኝ። በዚያ አሸዋ ላይ ያንን ዛፍ ካነሳችሁት ፍየሉም ሰውም የለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። አፋር ውስጥ መሬቱን የወረረው ፕሮሶፒስ የኬጅሪ ዘመድ ነው፤ አገሩ ግን ላቲን አሜሪካ ነው። ራጃስታንንም ወሮታል። «የባዕድ ግራር» ብለው ይጠሩታል። መልካቸው ስለሚቀራረብ ሰው ይሳሳታል። ኬጅሪ አዝጋሚ ነው፣ ከገበሬው ጋር ይኖራል። ያኛው ፈጣን ነው፣ ሌላውን ያጠፋል። በፍጥነቱ ተማርካችሁ እንዳትገዙ።

ትንሽ ቦታ ላለው

በረንዳ ብቻ ካላችሁ ቱልሲ። ዛፍ አይደለም፣ ግን ከዛፎቹ እኩል ይከበራል። የእኛ በሶብላና ዳማከሴ የአንድ ወገን ልጆች ናቸው፤ ቅጠሉን አሸት አድርጋችሁ ብታሸቱት ሽታው አገር ቤት ይወስዳችኋል። የአምላካቸው የቪሽኑ ናት። ግቢ መሃል በተሠራ መደብ ላይ ትቆማለች። አጂ ጠዋት ታጥበው ሳይጨርሱ ማንንም አያናግሩም፤ መጀመሪያ ለእሷ ውሃ። ኅዳር ገደማ ከቪሽኑ ጋር ሠርግ ይደገስላታል፣ ከዚያ በኋላ የሰው ሠርግ ወራት ይከፈታል። ፀሐይ ያስፈልጋታል። በቀን አራት አምስት ሰዓት ፀሐይ የማያገኝ በረንዳ ላይ ባትደክሙ ይሻላል።

አሾካን የሚመርጥ ሰው ችግኝ ጣቢያ ሲሄድ ይጠንቀቅ። ትርጉሙ «ኀዘን የሌለበት» ነው። በራማያና ታሪክ የልዑሉ የራማ ሚስት ሲታ ታግታ ያለቀሰችው በአሾካ አትክልት ውስጥ ነው። እውነተኛው አሾካ አጭር ነው፣ ብርቱካንማ አበባው ግንዱ ላይ ሳይቀር ያብባል፣ ጥላና እርጥበት ይወዳል። ለመድኃኒት ቅርፊቱ ስለሚላጥ ከዱር እየጠፋ ነው፣ ስለዚህ እሱን መትከል ትልቅ ውለታ ነው። ችግኝ ጣቢያው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጣችሁ በየአጥሩ እንደ ጦር ቀጥ ብሎ የሚቆመውን ሐሰተኛውን አሾካ ነው። ቅጠሉ ጠርዙ ከተጨማደደና ዛፉ እንደ ምሰሶ ከሆነ፣ እሱ አይደለም።

ማንጎም ቅዱስ ነው፤ ቅጠሉ በክር ተሰክቶ በበዓል ደጃፍ ላይ ይንጠለጠላል። ፍሬ የምትፈልጉ ማንጎ ትከሉ፣ ብዙ ማሰብ አያስፈልገውም።

ሁሉንም ለሚፈልግና መሬት ላለው ደግሞ ፓንቻቫቲ አለ፤ «አምስቱ ዛፎች» ማለት ነው። ፒፐል በምሥራቅ፣ ቤል በሰሜን፣ ባንያን በምዕራብ፣ አምላ የሚባለው ጎምዛዛ ፍሬ ያለው ዛፍ በደቡብ፣ አሾካ በደቡብ ምሥራቅ ይተከላል።

መሬት የሌለው ምን ያድርግ? የቆመውን ይጠብቅ። በማሃራሽትራ ተራሮች ላይ ዴቭራይ የሚባሉ የአምላክ ደኖች አሉ። መጥረቢያ አይገባባቸውም። በአንዳንዶቹ የወደቀ እንጨት እንኳ አይነሳም። ማድሃቭ ጋድጊልና ቫርታክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1970ዎቹ እየዞሩ ሲያጠኗቸው፣ ሌላ ቦታ የጠፉ ዛፎች እዚያ ተጠብቀው አገኙ። ጎጃምና ደቡብ ጎንደር ላይ በእርሻ መሃል እንደ አረንጓዴ ደሴት የቆሙትን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ያየ ሰው ዴቭራይ ሲገባ እንግድነት አይሰማውም። ጫማውን ያወልቃል፣ ድምፁን ይቀንሳል። አንድ ቅዳሜ ጉልበታችሁን የምትሰጡበት ቦታ ከፈለጋችሁ፣ አዲስ ከመትከል ይልቅ እንዲህ ያለውን ከቆሻሻ ማጽዳት የበለጠ ሥራ ይመስለኛል።

እኛ የተከልነው

አጂ በመጨረሻ ቤል አሉ። እስከዚያ ድረስ ስሙን ያነሳው ሰው አልነበረም።

ቤል የአምላካቸው የሺቫ ዛፍ ነው። የብርቱካንና የሎሚ ወገን ነው፤ ቅጠሉ ሦስት ሦስት ሆኖ ይወጣል። ሦስቱ የሺቫ ሦስት ዓይን ነው የሚል አለ፣ ባለ ሦስት ጫፍ ጦሩ ነው የሚልም አለ። ፍሬው እንደ እንጨት የጠነከረ ቅርፊት አለው። በድንጋይ ይሰበራል። ውስጡ ብርቱካንማ፣ የሚያጣብቅ፣ ሽታው ደስ የሚል ነው። በበጋ ሙቀት በውሃ በጥብጠው ይጠጡታል፣ ሆድ ያሳርፋል። ዛፉ ዝግ ብሎ ነው የሚያድገው፣ ቁመቱም ልክ አለው፣ ድርቁንም ዝናቡንም ይችላል። የሚያስቸግረው እሾሁ ነው። ልጆች የሚሯሯጡበት ደጃፍ ከሆነ የታችኛውን ቅርንጫፍ በየዓመቱ መግረዝ ያስፈልጋል።

አጂ ግን ይህን ሁሉ አልቆጠሩም። «ሽራቫን ወር ሙሉ ሰኞ ሰኞ ቅጠሉን ከመንገድ ነው የምገዛው» አሉ። ሽራቫን በዝናቡ ወቅት የሚውል የሺቫ ወር ነው፤ ቅጠሉ ለእሱ ይቀርባል። «ከየትኛው ዛፍ እንደተገነጠለ አላውቅም።»

የክንድ ያህል ችግኝ አመጣን። ዝናቡ ሳያባራ ተከልን። ዙሪያውን መደብ አድርገን አፈሩን ከፍ አደረግነው፣ ውሃ እንዳይተኛበት። ላም እንዳትበላው በቀርከሃ አጠርነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች ተከራዮቹ በተራ አጠጣን። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ስሄድ ወገቤ ላይ ደርሶ ነበር።

ባለፈው ዓመት አጂ ፎቶ ላኩልኝ። ናስ ሳህን ላይ ሦስት ቅጠል፣ እያንዳንዱ ሦስት ጣት ያለው። ወጉ የቤል ቅጠል ሰኞ አይቆረጥም ይላል። ከሥሩ በድምፅ መልእክት «እሑድ ጠዋት ነው የቆረጥኩት ልጄ፣ ሦስት ብቻ፣ ገና ልጅ ስለሆነ» ይላሉ።